የግዙፉ ወፍ ቅልጥም፦ ከኮምቦልቻ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም ማብቂያ

ሥራው ይህ ነው። ከምድር ከጠፋ ዝርያ ሊሆን ከሚችል ወፍ የተረፉ ሦስት ቁርጥራጭ አጥንቶች እጄ ገብተዋል። የማን እንደሆኑ አልተነገረኝም። ከአጥንቱ ተነሥቼ ስሙ ላይ መድረስ አለብኝ። ካልተቻለም የት ላይ መቆም እንዳለብኝ ማወቅ አለብኝ። የማደርገውን እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

አጥንቶቹ እውነተኛ ቅሪተ አካል አይደሉም። አዲስ አበባ ያለች የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ለማስተማሪያ በሬዚን፣ እንደ ፕላስቲክ በሚጠነክር ሙጫ፣ የሠራቻቸው ቅጂዎች ናቸው። በካርቶን አሽጋ በአውቶቡስ ላከችልኝ። አብሮ የመጣው ወረቀት አጭር ነው፦ «ስሙን አልነግርህም። ኢንተርኔት ላይም አትፈልገው። ከላይ ጀምረህ የምትችለውን ያህል ውረድ። የት እንደቆምክና ለምን እንደቆምክ ጻፍልኝ።»

ካርቶኑን የከፈትነው ከባዮሎጂ ክበብ ልጆች ጋር ነው። መጀመሪያ የወጣው የቅልጥም የታችኛው ጫፍ ነው። ሁለተኛው ጣቶች የሚያያዙበት የእግር ዘንግ ታችኛው ግማሽ። ሦስተኛው የክንፍ አጥንት ጫፍ። የራስ ቅል የለም፤ ምንቃር የለም። ልጆቹ ቅር አላቸው። ምንቃር ቢኖር ኖሮ ግማሹ ሥራ ባለቀ ነበር። ግን ከመሬት የሚወጣው የወፍ አጽም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። የወፍ አጥንት ስስ ነው፤ ብዙው ውስጡ ባዶ ነው። አውሬ ይሰብረዋል፣ ጎርፍ ያንከባልለዋል፣ አፈር ይጫነዋል። የሚተርፈው ወፍራሙ፣ ማለትም የመገጣጠሚያው ጫፍ ነው። ደግነቱ አንዱን ወፍ ከሌላው የሚለየው ምልክት የሚበዛውም እዚያው ጫፍ ላይ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልመዝግብ። ሬዚን ቅርጽን እንጂ ውስጥን አያሳይም። በእውነተኛ አጥንት ስብራቱ ላይ የግድግዳውን ውፍረት ታያለህ። እዚህ ያ መረጃ የለም። በምደርስበት ውሳኔ ሁሉ ይህን ማስታወስ አለብኝ።

በዚያው ሳምንት

ወሬው በግቢው ተዳረሰ። አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «መምህር፣ አጎቴ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ይወርዳል። ድንጋይ የሆነ አጥንት አይቻለሁ ይላል። ያምጣልን?» አለኝ።

አያምጣ። ይህን ረጋ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ፤ የክፍለ ጊዜው ግማሽ ሄደበት፤ አይቆጨኝም። በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅሪተ አካል ቅርስ ነው። ያለ ፈቃድ መቆፈርም ማንሳትም አይቻልም። በአጋጣሚ ያየ ሰው ሳይነካ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት። እዚህ አካባቢ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቢነገር ወደ ላይ ያደርሰዋል። ፎቶ አንሳ፣ አጠገቡ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ አስቀምጠህ መጠኑን አሳይ፣ ቦታውን በስልክህ መዝግብ፣ እዚያው ተወው።

ሕጉ ብቻ አይደለም ጉዳዩ። አጥንቱ ከተነሣ ዕድሜው ጠፋ ማለት ነው። እንዲህ ያረጀ አጥንት ዕድሜው የሚለካው ከላዩና ከሥሩ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ሉሲ ኅዳር 15 ቀን 1967 ሐዳር ላይ ስትገኝ፣ ሐዳር በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው በዙሪያዋ ባለው የአመድ ንጣፍ ነው። አጥንቷን አንድ ሰው በኪሱ ከትቶ ደሴ ገበያ ቢያመጣው ኖሮ ዛሬ ስለ ዕድሜዋ የምንለው ነገር አይኖርም ነበር።

ልጆቹ ኮምቦልቻና ደሴ ላይ ለምን እንደማይገኝም ጠየቁ። እኛ የቆምንበት ደጋ በአብዛኛው የላቫ ድንጋይ ነው፤ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ አጥንት አያኖርም። አጥንት የሚያኖረው ወንዝና ሐይቅ የሚያስቀምጡት ደለል ነው። ሚሌ ወንዝ ከኛው ከወሎ ተራሮች ተነሥቶ ነው አፋር ወርዶ አዋሽ የሚገባው። ደለሉ ያለው እዚያ ታች ነው። በመካከለኛው አዋሽ አራሚስ በተባለው ቦታ፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ባለው ንጣፍ ውስጥ የጣዎስና የትንንሽ በቀቀኖች አጥንት ተገኝቷል። ጣዎስ፣ አፋር ውስጥ! ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ሁሉም ሰምቷል። አብረው ስለኖሩት ወፎች ግን ማንም አልነገራቸውም። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ጥቅምት

የማታውቀውን አጥንት ከምታውቀው አጥንት ነው የምትጀምረው። ስለዚህ ከዶሮ ጀመርን።

ቤታቸው ዶሮ ሲታረድ ቅልጥሙንና ተቆርጦ የሚጣለውን ባለ ቅርፊት እግር እንዲያስቀሩ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ብዙዎቹ ይዘው መጡ። አንዷ ልጅ «እማዬ ለምንድን ነው እግሩ የሚፈለገው ብላ ሳቀችብኝ» አለች። የሚፈለገው ለዚህ ነው፦ ባለ ቅርፊቱ ክፍል እግር ይባላል እንጂ ከውስጡ የቁርጭምጭሚትና የውስጥ እግር አጥንቶች ተጋጥመው አንድ ዘንግ ሆነዋል። ሳይንሱ ታርሶሜታታርሰስ ይለዋል። እኔ በዚህ ማስታወሻ የእግር ዘንግ እለዋለሁ። ወፍ ጉልበቱን ወደ ኋላ ያጠፈ የሚመስለን ቁርጭምጭሚቱን እያየን ነው። እውነተኛው ጉልበት ላዩ ላይ በላባ ተሸፍኗል። ቅልጥሙም እንዲሁ የሁለት ነገሮች ጥምር ነው፤ ከታች ጫፉ ላይ የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ተጣብቀውበታል። ቲቢዮታርሰስ የሚባለው እሱ ነው።

በጫጩት ይህ ጫፍ ገና አልተጣበቀም፤ ሲቀቀል ይለያያል። ባደገ ዶሮ ግን መስመሩ እንኳን አይታይም። የመጀመሪያውን መረጃ ያገኘነው ከዚህ ነው። በቅጂው ላይ ጫፉ ሙሉ በሙሉ ተዋሕዷል። ስለዚህ ወፉ ያደገ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መጠን ስናወዳድር ገና የሚያድግ ወፍ አለመሆኑን እርግጠኛ መሆን አለብን።

ከዚያ ድልድዩን ፈለግን። የዶሮ ቅልጥም ታችኛ ጫፍ ላይ፣ ከፊት በኩል፣ አንድ ቦይ አለ። ጣትን ወደ ላይ የሚስበው ጅማት የሚያልፍበት ነው። ከቦዩ በላይ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋች ቀጭን የአጥንት ድልድይ አለች። ሥጋውና ጅማቱ በደንብ ካልጸዳ አትታይም። አንዱ ልጅ ከእናቱ የስፌት ዕቃ አንድ ስንደዶ ይዞ መጣ። በድልድዩ ሥር ስናሳልፈው በሌላው በኩል ብቅ አለ። ሁሉም በየተራ ሞከሩት። ቀጥሎ ቅጂውን አነሣን። ስንደዶው እዚያም አለፈ። ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ እስክሪብቶ ቀፎም ያልፍበት ነበር።

ያቺ ድልድይ ብዙ ወፎችን ከዝርዝሩ ታስወጣለች። ሰጎን የላትም። ጉጉትም የላትም። የእኛው ወፍ አላት።

ጥቅምት ማብቂያ

ግራና ቀኝ ለየን። የእግር ዘንጉ ታችኛ ጫፍ ላይ ሦስት ክብ ጉብታዎች አሉ፤ በየአንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ጣት ይቆማል። ከመካከለኛውና ከውጨኛው ጉብታ በላይ የደም ሥር የሚያልፍባት ትንሽ ቀዳዳ አለች። የአጥንቱን ፊት ወደ ራስህ አዙረህ ጣቶቹን ወደ ታች ስትይዘው ቀዳዳዋ በቀኝህ ከሆነች የግራ እግር ነው። የኛዋ በቀኝ ናት። የግራ እግር።

ሦስት ጉብታ መኖሩ ብቻውን ሰጎንን ለሁለተኛ ጊዜ አስወጣ፤ ሰጎን የምትቆመው በሁለት ጣት ነው። ይህን አስቀድሞ ማድረግ ያስፈልግ ነበር፤ ምክንያቱም መጠኑን አይቶ «ሰጎን ነው» ያላለ ተማሪ አልነበረም።

ሌሎቹ ትልልቆች ቶሎ ወደቁ። ጥንብ አንሳ እግሩ አጭርና ደንዳና ነው። ፔሊካን ግዙፍ ወፍ ነው፤ እግሩ ግን አጭር ነው፤ የተላከልኝ ግማሽ ዘንግ ብቻውን የፔሊካንን ሙሉ ዘንግ ያህላል። ፍላሚንጎ እግሩ ረጅም ነው፤ ግን ቀጭን ሸንበቆ ነው። የቀሩት ረጅምና ወፍራም እግር ያላቸው ናቸው፦ የሽመላ ወገን፣ ክሬን የሚባሉት፣ እና ትልልቆቹ ዓሣ አዳኝ ሄሮኖች። ከዚህ በኋላ በሥዕል መሄድ አልፈለግኩም። እውነተኛ አጥንት ያስፈልገኛል።

ኅዳር

ከቄራው ሰዎች ጋር የተነጋገርኩት ቀደም ብዬ ነው። ከሽመላ ወገን የሆነው ትልቁ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ ከቄራና ከቆሻሻ መጣያ አይጠፋም። በዕድሜ የገፉት ጥበቃ ሐሳቤን ሰምተው «አብሽር ልጄ፣ የሞተ ሲገኝ እደውልልሃለሁ» አሉኝ። ከሚመለከተው ቢሮም የዱር ወፍ ሬሳ ለትምህርት ለመውሰድ ፈቃድ ጠየቅኩ። ይህ ቀላል ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፤ የዱር እንስሳ ነው፣ ወረርሽኝም ሊኖርበት ይችላል።

ስልኩ መጣ። ትልቅ አባ ኮዳ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ወድቆ ተገኝቷል። ጓንትና ማስክ አድርጌ ሄድኩ። ልጆቹን አላስጠጋሁም፤ እነሱ የሚነኩት ደረቅ አጥንት ብቻ ነው።

እግሩን ሳጥብ ያየሁትን ልጻፍ። አባ ኮዳ ነጭ እግር ያለው ይመስለናል። ነጩ ነገር ኩሱ ነው፤ ሙቀት ሲበረታበት በራሱ እግር ላይ እየጣለ ይቀዘቅዝበታል። ውኃ ሲነካው ነጩ እንደ ኖራ እየተፈረፈረ ወረደ፤ ከሥሩ ጥቁር ግራጫ ቆዳ ወጣ። በሕይወቴ ሙሉ አይቼው የማላውቀው ወፍ ሆነብኝ።

ሥጋውን በቢላ ካነሣሁ በኋላ ቀሪውን ለውኃ ተውኩት። መቅበር ይቻል ነበር፤ ግን ውሻና ጅብ አለ፤ ትንንሾቹ የጣት አጥንቶችም አፈር ውስጥ ይጠፋሉ። ክዳን ያለው ፕላስቲክ በርሜል ወሰድኩ። የግራውን እግር በአንድ ስቶኪንግ፣ የቀኙን በሌላ፣ እያንዳንዱን ክንፍ ለብቻው ቋጠርኩ። በየቋጠሮው ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ የፕላስቲክ ምልክት ገባ። የእስክሪብቶ ቀለም ውኃ ውስጥ ይጠፋል፤ እርሳስ ይቆያል። የቀረውን ባክቴሪያዎቹ ይሠሩታል። ውኃው ሲጠቁር ግማሹን እየደፋሁ ለብ ያለ ውኃ እጨምራለሁ። ሁሉንም ከደፋሁት ባክቴሪያዎቹም አብረው ይሄዳሉ።

ኅዳር ማብቂያ

ሽታው ከባድ ነው። አከራዬ እማማ በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ይሄ ነገር እስከ መቼ ነው?» አሉኝ። ልክ ናቸው። በርሜሉን ከግቢው ጥግ፣ ከባሕር ዛፎቹ ኋላ ወሰድኩት። ለጎረቤትም ዞሬ ነገርኩ።

ብዙ ሰው ቀቅለው ይለኛል። አልቀቅልም። የሚፈላ ውኃ ስቡን አጥንቱ ውስጥ ያስገባዋል፤ በኋላ እየወጣ ቢጫ ያደርገዋል። በረኪናም አይነካውም፤ አጥንቱን ራሱን ይበላዋል፤ ጫፎቹ እንደ ጠመኔ ይፈርሳሉ። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ጫፎቹን ነው። ሥጋው ካለቀ በኋላ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ባለበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይቆያል፤ ስቡ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። በመጨረሻ ከፋርማሲ የሚገዛው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለማጽዳት ይበቃል።

በዚህ መሐል የመለኪያ ሥርዓት አበጀን። ካሊፐር የሚባለውን የስፋትና የውፍረት መለኪያ ያገኘሁት ከብረታ ብረት ሠራተኛ ጎረቤቴ ነው፤ «ለወፍ አጥንት?» ብሎ ጠይቆ፣ ቅጂውን አገላብጦ አይቶ፣ ዜሮውን እንዴት እንደምናረጋግጥ ለልጆቹ አሳያቸው። የወሰንነው እንዲህ ነው። አንዱ የለካውን ሌላው አያይም። እያንዳንዱ በራሱ ደብተር ይጽፋል፤ ከዚያ ይነጻጸራል። የጫፉ ስፋት የሚለካው ከሰፊው ቦታ ነው። የዘንጉ ዙሪያ ደግሞ በቀጭን የጥጥ ክር ይለካል፤ ክሩ ይጠመጠማል፣ መገናኛው በእርሳስ ይነካል፣ ተዘርግቶ በማስመሪያ ይነበባል። ዙሪያው የሚፈለገው ክብደት ለመገመት ነው። ወፍ የሚቆመው በሁለት እግር ስለሆነ የእግር አጥንት ውፍረት ከሚሸከመው ክብደት ጋር ይሄዳል።

ታኅሣሥ

አጥንቶቹ ወጡ። ደረቁ። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈን የአባ ኮዳውን የግራ እግር ዘንግ ከቅጂው ጎን አጋደምነው።

ልጆቹ ወዲያው «እሱ ነው! ግን ይሄኛው አባቱ ነው» አሉ። እውነትም ዓይን የሚለው ይህንን ነው። ዓይን ግን ምክንያት መስጠት አለበት። ስለዚህ አንድ በአንድ ሄድን።

ዘንጉን ከታች፣ ከጣቶቹ በኩል አዙረን አየነው። ሦስቱ ጉብታዎች በለዘበ ቅስት ተደርድረዋል። የውስጠኛውና የውጨኛው ጉብታ ከመካከለኛው ትንሽ ከፍ ብለው እርስ በርሳቸው ሊስተካከሉ ምንም አልቀራቸውም። በአባ ኮዳውም በቅጂውም እንዲሁ ነው። በክሬን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የውስጠኛው ጉብታ በጣም ወደ ላይ ተስቧል፤ ወደ ኋላም ተጠምዝዟል፤ ከፊት ስታየው ግማሹ ይሰወራል። የክሬን አጥንት በእጄ የለም፤ የታተሙ ግልጽ ፎቶዎች ነበሩኝ። ልዩነቱ በፎቶም ቢሆን የማያሻማ ነው። ክሬን ወጣ።

ሄሮን ከበደ። በሄሮን ጉብታዎቹ ተቀራራቢ ከፍታ አላቸው። ዋናው መለያ ያለው የእግር ዘንጉ ላይኛ ጫፍ፣ ከኋላ በኩል ነው፤ በሄሮን ጅማቶቹ በተዘጋ የአጥንት ቱቦ ውስጥ ያልፋሉ፤ በሽመላ ወገን በሁለት ሸንተረሮች መሐል ክፍት በሆነ ቦይ ያልፋሉ። ያ ጫፍ ግን አልተላከልኝም። ስለዚህ በሌላ መንገድ ሄድኩ። በዓለም ትልቁ ሄሮን ጎልያድ የሚባለው ነው፤ አፍሪካ ውስጥ አለ። ቁመቱ ወደ 1.5 ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱ ግን የአባ ኮዳን ግማሽ ያህል ነው፤ አጥንቱም በዚያው ልክ ቀጭን ነው። የኛው ቁርጥራጭ ከአባ ኮዳም የሚወፍር ነው። ሄሮን ቢሆን ኖሮ ማንም አይቶት የማያውቅ ዓይነት ሄሮን መሆን ነበረበት። ይህ ማስረጃ ከቅርጽ ማስረጃ ይደክማል፤ በማስታወሻዬ ላይ «ደካማ» ብዬ ጽፌበታለሁ። የቅልጥሙ ጫፍ ግን አገዘኝ። የድልድዩ አቀማመጥ፣ የቦዩ ስፋት፣ ከፊት በሁለቱ ጉልላቶች መሐል ያለው ጉድጓድ ከአባ ኮዳው ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል።

የሽመላ ቤተሰብ። እዚህ ደርሰናል።

ታኅሣሥ አጋማሽ

በአፍሪካ ከሽመላ ወገን ግዙፍ የሚባሉት ሁለት ናቸው። አንዱ አባ ኮዳ ነው። ሌላው ምንቃሩ ላይ ኮርቻ የመሰለ ቢጫ ነገር ያለበት፣ እንግሊዞቹ ሳድል ቢልድ የሚሉት ሽመላ ነው። ይኸኛው ቁመቱ ከአባ ኮዳ አያንስም፤ እግሩ ግን ረጅምና ቀጭን ነው። የዘንጉን ውፍረት ለጫፉ ስፋት አካፍለን ስናየው ቅጂው ከአባ ኮዳ ጎን ቆመ። ጂነሱ፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚያቅፈው ምድብ፣ ሌፕቶፕቲሎስ ነው ማለት እችላለሁ። ዛሬ በሕይወት ያሉት የዚህ ጂነስ ዝርያዎች ሦስት ናቸው፤ የኛው አባ ኮዳ፣ እና በእስያ የሚኖሩ ሁለት ዘመዶቹ።

አሁን አስቸጋሪው መጣ፦ ዝርያው። ልጆቹ «ትልቅ ስለሆነ የጠፋው ነው» አሉ። አይበቃም። የአባ ኮዳ ወንዱ ከሴቷ ይተልቃል። የቄራው ጥበቃ ቆይተው ሌላ አነስ ያለ አባ ኮዳ ሬሳ አግኝተውልኛል፤ የእግር አጥንቱ ከመጀመሪያው በግልጽ ያንሳል። ሁለቱም ያደጉ ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ዝርያ ናቸው። እኔ ያለኝ ሁለት ወፍ ነው። በሁለት ወፍ የአንድ ዝርያ ወሰን አይሠራም። ትልልቅ ሙዚየሞች የአንድ ወፍ ብዙ አጽም በየመሳቢያው የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። የጠፋውን ወፍ የሚያሳውቀን ዛሬ በሕይወት ያለው ወፍ አጥንት ነው። ያ ሣጥን ባዶ ከሆነ ከሚሌ የሚመጣ ማንኛውም አጥንት ስም አልባ ሆኖ ይቀራል። ወሎ ላይ እንዲህ ዓይነት ሣጥን በየትምህርት ቤቱ ቢኖር ብዬ እመኛለሁ፤ የሚያስፈልገው በርሜል፣ ሳሙና፣ ስቶኪንግና ትዕግሥት ነው።

ቢሆንም ቅጂው ከትልቁ አባ ኮዳ በጥቂት ሚሊሜትር ሳይሆን በሰፊው ይበልጣል። ይህ በክብደት ምን እንደሚሆን ለልጆቹ በሰሌዳ ላይ አሰላን። አንድ ወፍ በሁሉም አቅጣጫ በ20 በመቶ ቢያድግ ክብደቱ በ20 በመቶ አይደለም የሚያድገው፤ 1.2 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1.73 ይሆናል። 9 ኪሎ የነበረው ወደ 15.5 ኪሎ ይጠጋል ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ያን ቀን ሒሳብ የማይወድ ተማሪ አልነበረም።

የቀረኝ የክንፉ ቁርጥራጭ ነበር። ትልቅ ወፍ ከሆነ ክንፉም በእግሩ ልክ ማደግ ነበረበት። የኔ ልኬት እንደሚለው ክንፉ ከአባ ኮዳው ይበልጣል፤ ግን እግሩ የሚበልጠውን ያህል አይደለም። ይህ የሰውነት ምጣኔ ልዩነት ከሆነ ትልቅ ነገር ነው፤ መጠን ብቻ ሳይሆን ቅርጽም ተለውጧል ማለት ነው፤ ሌላ ዝርያ ለማለት ያስደፍራል። ነገር ግን ሦስቱ ቁርጥራጮች የአንድ ወፍ ናቸው ያለኝ የለም። እግሩ የወንድ፣ ክንፉ የሴት ቢሆንስ? አብረው ተጋድመው ከአንድ ቦታ መውጣታቸው ካልተመዘገበ ምጣኔ ማስላት አይቻልም። አጥንቱን አታንሱ ያልኳቸው ልጆች ይህን ሲሰሙ ገባቸው። የተገኘበት ቦታና አቀማመጥ ከአጥንቱ እኩል መረጃ ነው።

ታኅሣሥ ማብቂያ

ለጓደኛዬ የላክሁት መልስ ይህ ነው። ወፍ፣ እርግጠኛ ነኝ። ያደገ፣ እርግጠኛ ነኝ። የሽመላ ቤተሰብ፣ በቅልጥሙና በጉብታዎቹ አቀማመጥ፣ እርግጠኛ ነኝ። ሌፕቶፕቲሎስ፣ በጣም ሳይሆን አይቀርም። ካየሁት አባ ኮዳ የበለጠ፤ የጠፋ ዝርያ ሊሆን ይችላል። ዝርያውን አልሰይምም፤ የክንፉና የእግሩ ባለቤት አንድ መሆኑን አላውቅም፤ የማወዳድርባቸው አባ ኮዳዎችም ሁለት ብቻ ናቸው።

ጥር

መልሷ መጣ። ቅጂዎቹን የሠራችው ከታተሙ ሥዕሎችና ልኬቶች ተነሥታ ነው። ወፉ ሌፕቶፕቲሎስ ፋልኮነሪ ነው፤ ግዙፉ የፕሊዮሲን አባ ኮዳ። ፕሊዮሲን ከ5.3 እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ዘመን ነው። ወፉ መጀመሪያ የታወቀው ከሕንድ በኩል፣ ከሲዋሊክ ኮረብታዎች በወጣ አጥንት ነው። በ1868 (እ.ኤ.አ.) ስም ያወጣለት ፈረንሳዊው አልፎንስ ሚልን-ኤድዋርድስ ነው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ደግሞ ይኸው ወፍ የቀድሞ ሰዎች ቅሪት በሚገኝባቸው የአፍሪካ ቦታዎች፣ በኢትዮጵያና በቻድ፣ እንደነበረ አሳየ። ቁመቱ ወደ 2 ሜትር ይገመታል።

ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። የሉሲ ወገኖች ቀና ብለው የሚያዩት ወፍ ነበር ማለት ነው። ሉሲ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እዚሁ፣ ወንዞቻችን በሚወርዱበት አገር።

ዝርያው ላይ መቆሜን ደግፋዋለች። ክንፉንና እግሩን ሆን ብላ ከተለያየ ቁርጥራጭ እንደቀላቀለችም ነገረችኝ። ባለሙያዎቹ እስከ ዝርያው የወረዱት ብዙ አጥንት፣ ብዙ የዛሬ አጽምና ስሙ ከተሰጠው ከመጀመሪያው አጥንት ጋር ማወዳደሪያ ስለነበራቸው ነው።

ልጆቹ መብረር ይችል ነበር ወይ ብለው ያዙኝ። ለዚህ አንድ ዘመዱን ነገርኳቸው። በኢንዶኔዥያ ፍሎሬስ ደሴት፣ ሊያንግ ቧ ዋሻ ውስጥ፣ ቁመታቸው አጭር የሆነ፣ ከምድር የጠፉ የሰው ዘመዶች አጽም ከተገኘበት ቦታ፣ ሌላ ግዙፍ አባ ኮዳ ተገኝቷል፤ ሌፕቶፕቲሎስ ሮቡስቱስ። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ሲገለጽ ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ክብደቱ 16 ኪሎ ያህል ተገመተ። የእግር አጥንቱ ግድግዳ ወፍራም ስለነበር መሬት ላይ የሚኖር፣ የማይበር ወይም እምብዛም የማይበር ነው ተባለ። በኋላ የክንፍ አጥንቶቹ ሲጠኑ፣ በ2022 (እ.ኤ.አ.)፣ መብረር የሚችል መሆኑ ተነገረ። በእግር የተሰጠውን ፍርድ ክንፍ ለወጠው።

ስለዚህ የኛም ሥራ ወደ ክንፉ ዞሯል። ሁለተኛው አባ ኮዳ ክንፎቹ ገና ሳሙና ውስጥ ናቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣሉ። የላይ ክንፍ አጥንቱን ርዝመት ከቅልጥሙ ጋር በሁለቱም ወፎች ለክተን፣ ወንድና ሴት ሳይለይ ምጣኔው ምን ያህል እንደሚዋዥቅ እንይ ብለናል። ጓደኛዬም የእግር ዘንጉን ላይኛ ጫፍ ቅጂ ልትሠራልን ተስማምታለች። «ደካማ» ብዬ የጻፍኩበት የሄሮን ጉዳይ የሚዘጋው ያን ጊዜ ነው።